ፒካፕ እና በቅሎ፦ የሚወጣውን እንግዛ ወይስ የሚጭነውን?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የማወራው ስለ መኪና ነው፤ ትምህርቱ ግን ያው የታሪክ ነው።

«ቲቸር ደግሞ መቼ መካኒክ ሆነ?» እንዳትሉኝ። አቃቂ ቃሊቲ ኖሮ ስለ ጭነት መኪና የማያውቅ ሰው ካለ እሱ ነው የሚገርመው። ጠዋት ቃሊቲ መንገድ ዳር ብትቆሙ ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ፣ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ በመሃላቸው ደግሞ ጭቃ የተለጠፈበት ደብል ጋቢና ፒካፕ ሲጋፉ ታያላችሁ። እኔ ክፍል ገብቼ ስለ ጥንት የንግድ መስመሮች ሳስተምር ምሳሌዬ ሁሌም ከመስኮቱ ውጭ ነው።

ከዚህ ሰፈር ልጆች ብዙዎቹ እንጀራቸው ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው። ሾፌር አለ፣ ረዳት አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ደላላ አለ። አሁን አሁን ደግሞ ገንዘብ አጠራቅመው ፒካፕ ለመግዛት የሚያስቡ በዝተዋል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ወጣ ገባውን የሚችለው ይሻላል ወይስ ብዙ የሚጭነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው አንድ መኪና ማለት የዓመታት ዕቁብ ነው፣ የባንክ ዕዳ ነው፣ አንዳንዴም ከወላጅ የተወረሰ ቦታ ተሽጦ የተገኘ ገንዘብ ነው። ምርጫው ከተበላሸ መኪናው ብቻ አይቆምም፤ ቤቱም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ ይኼ ጥያቄ ከመኪና በፊትም የነበረ ነው። አባቶቻችን በደንብ አድርገው መልሰውት ነበር። የረሳነው እኛ ነን።

1. ግመሉ የሚቆምበት ቦታ

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላና ከጅቡቲ ወደብ ወደ ሐረር የሚሄደው ዕቃ በረሃውን የሚያቋርጠው በግመል ነበር። ግመል የበቅሎን እጥፍ ይጭናል፤ ውሃ ሳይቀምስም ቀናት ይጓዛል። ዳገት ላይ ግን ግመል ግመል አይደለም። እግሩ ለአሸዋ እንጂ ለረጠበ ድንጋይ አልተሠራም።

ታዲያ ነጋዴው ምን ያደርግ ነበር? ከሐረር ደጋ ግርጌ ጊልዴሳ የምትባል ቦታ አለች። ግመሉ እዚያ ይቆማል። ጭነቱ ይወርዳል፣ ይከፋፈላል፣ ቀረጡም ይከፈላል። ከዚያ በበቅሎና በአህያ ይጫንና ዳገቱን ይወጣል። ከአፋር ዝቅታ የሚመጣው አሞሌ ጨውም እንዲሁ ነበር፤ ግመል፣ በቅሎና አህያ እየተቀባበሉት ነው ደጋ የሚደርሰው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሲራራ ነጋዴው «ግመል ይሻላል በቅሎ?» ብሎ ሲከራከር አልዋለም። የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ጭነቴ የት ይወርዳል?» እዚያ ድረስ የሚችለውን አንዱን እንስሳ፣ ከዚያ ወዲያ የሚችለውን ሌላውን እንስሳ መረጠ። ሁሉን የሚችል እንስሳ አልፈለገም፤ ምክንያቱም እንደሌለ ያውቃል።

ይቺን ጊልዴሳን ያዙልኝ። ወደኋላ እንፈልጋታለን።

2. መንገድ ያልነበረው ሞተር

አጼ ምኒልክ ለአዲስ ነገር ያላቸውን ፍቅር ታውቃላችሁ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ በብዙ ድካም አስመጣላቸው። የአዲስ አበባ ሰው «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ከዚያ በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የምትባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ወራት ፈጅቶበት አዲስ አበባ አስገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት።

ፈተና ላይ «የመጀመሪያዋን መኪና ማን አስገባ?» ብለን እንጠይቅና እናልፋለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መዳመጫው፣ ቀጥሎ መኪናው። መንገድ ከሌለ መኪና ጌጥ ነው።

ባቡሩንም እዩት። ባቡር ከሁሉም የበለጠ ይጭናል፤ ዳገት ላይ ግን ከሁሉም ይብሳል። ለዚህ ነው የባቡር ሐዲዱ ሐረርን ያልወጣው። ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ስለከበደ ከታች በቆላው በኩል አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ የደረሰበት ቦታ ላይ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች። ጊልዴሳ ሥራዋን ለድሬዳዋ አስረከበች ማለት ነው። አንድ ማሽን ዳገት አልወጣም በማለቱ ከተማ ተነሳ፣ ከተማ ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ ሐዲዱ የኛው አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመሃሉ የባቡሩ ጫፍ እዚህ ነበር ማለት ነው። ቀሪው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ለእንስሳና ለጋሪ ነበር። እኛም በአንድ ወቅት ጊልዴሳ ነበርን።

3. ብዙ መኪና እና አንድ ዳገት

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. እንምጣ። ጣሊያን ሲወረን በታንክና በመኪና ነው የመጣው። በታኅሣሥ ወር ደምበጉይና ላይ የራስ እምሩ ጦር ትናንሾቹን የጣሊያን ታንኮች አጣብቂኝ ውስጥ አስገባቸው። ታንኮቹ በድንጋይና በገደል መሃል መዞር አቃታቸው። መትረየሳቸው ደግሞ ወደፊት እንጂ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አይተኩስም። የኛ ሰዎች በጎንና በኋላ ወጡባቸው። ሜዳ ላይ የሚያስፈራ ብረት ድንጋይ መሃል ሲገባ ሳጥን ሆነ።

ጦርነቱን በመጨረሻ ያሸነፉት ግን እነሱ ናቸው፤ አውሮፕላን ነበራቸው፣ የመርዝ ጋዝ ነበራቸው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተደረገው የባዶሊዮ ጉዞ ከሚያዝያ 18 እስከ 27 ነው የቆየው። ከ1,700 በላይ መኪና ነበር። ፊያት አለ፣ ላንቺያ አለ፣ ፎርድና ሸቭሮሌም አለ። ያ ሁሉ መኪና ጣርማበር ላይ ሲደርስ ቆመ። ኢትዮጵያውያን መንገዱን ቆርጠውት ነበር። ወራሪው አካፋና ዶማ አንስቶ መንገድ እስኪሠራ ድረስ ያ ሁሉ ሞተር ከአንድ ቀን በላይ ተሰልፎ ጠበቀ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ለዛሬ ርዕሳችን የሚጠቅመን። የጣሊያን ጦር ሁለቱም ዓይነት መኪና ነበረው። አንዱ «ዶቩንኩዌ» ይባላል። ትርጉሙ «የትም» ማለት ነው፤ ከመንገድ ውጭ እንዲሄድ የተሠራ ባለ ስድስት እግር መኪና። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ፊያት 634 ነው፤ ከባድ፣ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ለጭነት የተፈጠረ። እኛ አገር «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ስሙ የቀረው የትኛው ይመስላችኋል? የትም የሚሄደው አይደለም። የሚጭነው ነው።

ለምን? አገር መያዝ የፈለገ ኃይል ዱቄት፣ ጥይት፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ማመላለስ አለበት። ለዚህ የሚጭነውን መኪና መረጡ። የሚጭነው መኪና ደግሞ «መንገድ ሥሩልኝ» ይላል። በአምስት ዓመት ውስጥ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሠሩ። ያቆማቸውን የጣርማበርን ተራራ ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ዋሻ በሱት። ዛሬም ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በዚያ ዋሻ ታልፋላችሁ።

በዚያ ሁሉ ዓመት አርበኛው የት ነበር? መኪና በማይወጣበት ቦታ። እነ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ተራሮች አምስት ዓመት የቆዩት ሌላው ጀግንነታቸው እንዳለ ሆኖ ትሬንታ ኳትሮ ስለማይደርስባቸውም ጭምር ነው። ጣሊያን አስፋልቱን ያዘ፣ አርበኛው በቅሎ መንገዱን ያዘ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ የተሸነፈው መኪና እንጂ በቅሎ አልነበረም።

4. ጋራዥ ውስጥ የቀረው ጣሊያንኛ

ጣሊያን ወጣ፣ መኪናውና መንገዱ ቀረ፣ ቃሉም ቀረ። ቃሊቲ የትኛውም ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ስጡ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬቻ። ፒካፕ ስንገዛ «ደብል ጋቢና» የምንለው ጋቢናም ከዚያው ነው። ወረቀቱም ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። የተማሪ አባት የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ አንድ ቀን «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም እንጂ ጣሊያንኛ ሞተር ውስጥ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ» ብለው አስቀውኛል።

አንዷን ቃል ግን ለይቼ ላንሳ፦ ባሌስትራ። በጣሊያንኛ ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ማለት ነው። ከመኪናው በታች ተደራርቦ የታጠፈውን ብረት ተመልከቱት፤ በእርግጥም ደጋን ይመስላል። የምርጫችን ምስጢር ግማሹ እሱ ላይ ስለሆነ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

5. መንገድ ኖሮ፣ መኪና ኖሮ

ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን መንገድ ጥገና አጥቶ ይፈራርስ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። መንገዱ ሲጠገን ፊያት እንደገና ነገሠ። አባቶቻችሁ «ኤንትሬ» የሚሉት 682 የተባለው ፊያት ተሳቢውን እየጎተተ ከአሰብ ሙቀት እስከ አዲስ አበባ ብርድ ተመላለሰ።

«መኪናና መንገድ ካለ ችግር የለም» የሚል ሰው ካለ ግን የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ ያንብብ። ያ ዋና መንገድ በረሃብተኛው መሃል ነበር የሚያልፈው። ሕዝቡ ከየገጠሩ እየወረደ መንገዱ ዳር ተኮለኮለ፣ የሚያልፍ መኪና እያስቆመ ለመነ። አማርትያ ሴን የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ ያሳየው መራር ነገር አለ፦ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። ገበሬው ሰብሉን ስላጣ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። መኪናው ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

ይኼን ለምን አነሳሁት? «የሚጭን መኪና» ብቻውን ለማንም አይጭንም። ለማን እንደሚጭን የሚወስነው ሰው ነው።

በ77ቱ ድርቅ ደግሞ ችግሩ ተገለበጠ። በጥቅምት ወር ኮረም ላይ የተቀረጸው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን ካስለቀሰ በኋላ እህሉ በመርከብ መጣ። አሰብ ላይ ግን ተከማቸ። የሚያነሳው መኪና አነሰ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በተባበሩት መንግሥታት ስም እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚሁ ሥራ ብቻ የራሱን የጭነት መኪና ክፍል እዚህ አገር እስከማቋቋም ደረሰ። መኪናው ከተገኘ በኋላም ሌላ ጣጣ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ተራራ ላይ ያለው ሕዝብስ? ሄርኩሊስ የሚባሉት ትልልቅ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ከረጢት ከሰማይ ይጥሉ ነበር። ዳገቱን የሚወጣ ነገር ስለጠፋ እህል በአውሮፕላን ተወረወረ። ከዚህ በላይ ውድ የሆነ «የመጨረሻ ኪሎ ሜትር» በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ብዙው ሰው የቻለው ግን በእግሩ ወደ ካምፑ መውረድ ነበር። የደረሰ ደረሰ፤ መንገድ ላይ የቀረው ቀረ። ጭነቱና ሰው የሚገናኙበትን ቦታ አስቀድሞ ያላሰበ አገር የሚከፍለው ዋጋ ይኼ ነው።

6. «ፈረስ አጎቴ ነው»

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አባቷ አህያ ነዋ! ከአህያ ጭነት መሸከሙን፣ ከፈረስ እግሩን ወርሳለች፤ የምታወራው ግን ስለ ፈረሱ ብቻ ነው።

ፒካፕ ማለት የመኪና በቅሎ ናት። ባለቤቷም እንደ በቅሎዋ ነው። «ምን ዳገት አለ የማትወጣው!» ይላል እንጂ «ስንት ኩንታል ትችላለች?» ሲሉት ወሬ ይቀይራል።

አገራችን በብዛት ያሉትን ሁለቱን የቶዮታ ልጆች ብንወስድ ትውልዳቸው የተለያየ ነው። ላንድ ክሩዘር የተወለደው ዳገት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሙከራው መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥቶ አሳየ፤ በዚህም የጃፓን ፖሊስ ወደደው። የጭነት ጀርባ በኋላ ነው የተቀጠለለት። ሃይሉክስ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ትንሽ የጭነት መኪና ነበር፤ የሚገፋው በኋላ እግሩ ብቻ ነው። ፎርዊል የተጨመረለት በ1979 ነው። አንዱ ሲወጣ ተወልዶ መጫን ተማረ፤ ሌላው ሲጭን ተወልዶ መውጣት ተማረ። ሁለቱም በቅሎዎች ናቸው፤ አንዷ ግን ወደ ፈረሱ፣ አንዷ ወደ አህያው ታደላለች።

አሁን ወደ ባሌስትራው። ለጭነት የተሠራ ባሌስትራ ድርድሩ ብዙ ነው፣ ደረቅ ነው። ሲጫን ይረጋል። ባዶውን ወጣ ገባ መንገድ ላይ ስትነዱት ግን ይዘላል፤ ጎማውም መሬት ይለቃል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፎርዊል ሆነ አልሆነ አይገፋም። ለወጣ ገባ የሚመች መኪና ለስላሳ ስለሆነ እግሩ ከመሬቱ ጋር ይታጠፋል፤ ስትጭኑት ግን ጀርባው ይጎብጣል፣ የፊት መብራቱ ሰማይ ያያል።

ርዝመትም እንዲሁ ነው። ረጅም መኪና ብዙ ይይዛል፣ አስፋልት ላይም ይረጋል፤ ጉብታ ሲያልፍ ግን ሆዱ ይመታል። ጎማም እንዲሁ ነው። ጭነት ጠንካራ፣ በደንብ የተነፋ ጎማ ይፈልጋል፤ አሸዋና ጭቃ ደግሞ ትንሽ ተንፍሶ መሬቱን ሰፋ አድርጎ የሚይዝ ጎማ ይፈልጋል። የአቃቂን መረሬ አፈር በክረምት የሞከረ ሰው የምለው ይገባዋል። እና አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መሆን አይችልም።

ሂሳቡን ደግሞ አብረን እንሥራ። እንደ ሃይሉክስ ያለ ፒካፕ የሚችለው 1 ቶን ገደማ ነው፤ አስር ኩንታል በሉት። ይኼ ግን ሰዉንም ጨምሮ ነው። ደብል ጋቢናው ውስጥ አምስት ሰው ብታስቀምጡ በ70 ኪሎ ሂሳብ 350 ኪሎ ሄደ። ለዕቃ የቀረላችሁ ስድስት ኩንታል ተኩል ነው። ከዚያ በላይ ሲጫን፣ በተለይ ጭነቱ ከኋላ እግር ወዲያ ሲያልፍ፣ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይላላል። ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ነገር በተለይ ሾፌር ለሆናችሁ ልጆቼ፦ ፎርዊል መኪናውን ከጭቃ ያወጣዋል እንጂ ቁልቁለት ላይ አያቆመውም። ፍሬን ፍሬን ነው። አይሱዙን ሕዝቡ «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያላቸው ብረቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከልክ በላይ ጭነን፣ ሌሊቱን ሙሉ ነድተን፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ስለወረድን ነው። ስሙን ለመኪናው ሰጠነው እንጂ ሥራው የኛ ነው።

7. ታዲያ የቱን እንግዛ?

ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ በቅርቡ ይኼንኑ ጠየቁኝ። ከመቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጡ እዚህ አቃቂ ሊሸጡ ነው። ደብል ጋቢና ፎርዊል ፒካፕ አይተዋል። ምክንያታቸው «ማሳው ድረስ ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ ነው» የሚል ነው።

«ጭቃው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አልኳቸው።

«አራት ቢሆን ነው።»

«አስፋልቱስ?»

«መቶ ሠላሳ ይሆናል።»

«ገበሬው አሁን ሽንኩርቱን አስፋልት ድረስ በምን ነው የሚያወጣው?»

ተያዩና «በአህያ ጋሪ» አሉኝ።

በቃ፤ ጊልዴሳ ማለት ይኼ ነው። ለአራት ኪሎ ሜትር ጭቃ ብለው ለ130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ትንሽ የሚጭን መኪና ሊገዙ ነበር። ከ30 ኩንታል በላይ የሚጭን ትንሽ አይሱዙ አንድ ጊዜ የሚያመጣውን ፒካፑ ለማምጣት ሦስትና አራት ጊዜ መመላለስ ሊኖርበት ነው። ናፍጣው፣ ጊዜው፣ እንቅልፉ! ጋሪው ደግሞ እዚያው አለ፤ ባለጋሪውም እንጀራ ያገኛል። «ሂዱና የጋሪውን ኪራይ ከፒካፑ ናፍጣ ጋር አስሉት» ብዬ ላክኋቸው። ውሳኔው የነሱ ነው።

ለሌላ ሰው ግን መልሱ ይገለበጣል። በሰሜን ሸዋ ገጠር በጤና ሥራ ላይ ያለች ተማሪ አለችኝ። እዚያ ጭነቱ አንድ ነው፦ ምጥ የያዛት እናት። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት አምቡላንሱ እስከሚደርስበት ድረስ ይወርዳል። እዚያም ጊልዴሳ አለ፤ ቃሬዛውና መኪናው የሚገናኙበት ቦታ። መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቃሬዛው አንድ ኪሎ ሜትር ያጥራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ኩንታል መቁጠር ነውር ነው። የሚወጣውን ግዙ፣ ከፍ ያለውን፣ እግሩ የሚታጠፈውን። ጀርባው ባዶ ቢሆን ምን ይላችኋል?

አሁን ደግሞ ነገሩ ሌላ ጭንቀት አለበት። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ያገለገለ መኪና ላይ ደግሞ ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ግብሩ ይከብዳል። ስለዚህ የሚቀጥለው ፒካፓችሁ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ ናፍጣ ወይም አዲስ ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱ ወዲያው ነው፤ ዳገት ላይ ይጠቅማል። ሲጫንና ሲወጣ ግን ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ያኔ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ «ቻርጅ የት ይደረጋል?» መሠረቱ ግን አልተቀየረም።

የኔ መልስ እንግዲህ ይኼ ነው። ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መንገዳችሁን ሂዱበት። በክረምት ሂዱበት። ጭነታችሁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚወርድ፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚቀበለው በወረቀት ጻፉ። የሚቀበላችሁ ካለ የሚጭነውን ግዙ። የሚቀበላችሁ ከሌለና ጭነቱ መጠበቅ የማይችል ከሆነ የሚወጣውን ግዙ። ሁለቱንም እኩል የሚያደርግ መኪና አለኝ የሚላችሁ ደላላ ካገኛችሁ ስለ አጎቱ ስለ ፈረስ እያወራላችሁ እንደሆነ እወቁ።

የቤት ሥራ መስጠት አልተውም፤ ልማድ ነው። አባታችሁ ወይ አያታችሁ ሾፌር፣ ረዳት፣ ነጋዴ ወይም አጋሰስ ነጂ ከነበሩ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፦ «በእናንተ ጊዜ ጭነቱ የት ላይ ነበር ከመኪና ወርዶ በእንስሳ የሚጫነው?» የቦታውን ስም በኮሜንት ጻፉልኝ። እነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ የመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የሉም። የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ደግሞ በየቀኑ እያለፉብን ነው።

ቸር ሰንብቱ። ሾፌሮች፣ ቀስ ብላችሁ ንዱልን።